«ሁሉ» የምትለው ቃልና የታገደው 9 ቢሊዮን ዶላር

ኖቬምበር 22 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊው ለዊሊያም ራክልስሃውስ ደብዳቤ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ኮንግረስ ለከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ ለ1973 የበጀት ዓመት 5 ቢሊዮን፣ ለ1974 ደግሞ 6 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። እርስዎ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ከ2 ቢሊዮን፣ ለሁለተኛው ከ3 ቢሊዮን በላይ እንዳይደለድሉ። በአንድ ደብዳቤ ከ11 ቢሊዮን ውስጥ 6 ቢሊዮኑ መንገድ ላይ ቀረ።

ያንን ገንዘብ ተከትዬ መሄድ ፈልጌያለሁ። አሁን አሜሪካ ውስጥ «ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን በጀት አልከፍልም ማለት ይችላል ወይ?» የሚለው ጭቅጭቅ እንደገና ሲነሳ ሁሉም ይህን ጉዳይ ይጠቅሳል። ግማሹ ግን አዛብቶ ነው የሚጠቅሰው። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ገንዘቡ ለምን ተፈቀደ?

ነገሩ ከወንዝ ይጀምራል። ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። በመሐሏ ካያሆጋ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ጁን 22 ቀን 1969፣ እሑድ ቀን፣ ይህ ወንዝ በእሳት ተያያዘ። የነደደው በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ዘይትና ጥራጊ ነው። እሳቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ጠፋ። ሁለት የባቡር ድልድዮችን ጎዳ፤ ጉዳቱም 50 ሺህ ዶላር ገደማ ተገመተ። ለከተማው ሰው ብርቅ አልነበረም። ወንዙ ከዚያ በፊትም ደጋግሞ ነዷል፤ የ1952ቱ ቃጠሎ እንዲያውም ከዚህ በጣም የከፋ ነበር። በ1969 ግን የሕዝቡ ትዕግሥት አልቆ ነበር። ከንቲባው ካርል ስቶክስ በማግስቱ ጋዜጠኞቹን ይዘው ወንዙ ዳር ወረዱ። ታይም መጽሔትም ጻፈበት። ካያሆጋ የአንድ አገር ሙሉ ኀፍረት ሆነ።

ኒውዮርክ ወንዟ አልነደደም እንጂ ከዚህ አትሻልም ነበር። የማንሃተን ምዕራባዊ ክፍል ፍሳሽ ምንም ሳይጣራ ወደ ሃድሰን ወንዝ ይገባ ነበር። የመጸዳጃ ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ፣ የመንገዱ ጎርፍ፣ ሁሉም በቱቦ ቀጥ ብሎ ወንዙ ውስጥ። በዓለም ላይ በሀብት ስሟ የሚጠራ ከተማ፣ በዚያ ሁሉ ፎቅ ሥር፣ ቆሻሻዋን እንዲሁ ወንዝ ላይ ትደፋ ነበር።

ማጣሪያ ጣቢያ ደግሞ ውድ ነገር ነው። ከተማ በራሷ ግብር ብቻ አትችለውም። የሜይን ሴናተር ኤድመንድ መስኪ የመሩት የውሃ ብክለት ሕግ ይህን ነበር የፈታው። የፌዴራል መንግሥት ከግንባታው ወጪ 75 በመቶውን ይሸፍናል። ለሦስት ዓመት 5፣ 6 እና 7፣ በድምሩ 18 ቢሊዮን ዶላር ተመደበለት። ኦክቶበር 4 ቀን 1972 ሴኔቱ 74 ለ0፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 366 ለ11 አጸደቁት። እንዲህ ዓይነት ድምፅ በአሜሪካ ምክር ቤት ብዙ ጊዜ አይታይም።

ኒክሰን ግን አልፈረሙም። ኦክቶበር 17፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ሕጉን ውድቅ አድርገው መለሱት። ምክንያታቸው ገንዘብ ነው። የሕጉ ጠቅላላ ወጪ ከ24 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ በጀቱን ያፈርሰዋል፤ የዋጋ ንረቱን ያባብሰዋል አሉ። ሴኔቱ በዚያው ሌሊት ተሰብስቦ 52 ለ12 በሆነ ድምፅ እምቢታቸውን ሻረው። የተወካዮች ምክር ቤቱ በማግስቱ 247 ለ23 ደገመው። ከራሳቸው ፓርቲ ብዙ ሰው ጥሏቸው ሄደ። መስኪ ያን ሌሊት የጠየቁት ጥያቄ እስካሁን ይጠቀሳል። ንጹሕ ውሃ አቅማችን ይፈቅዳል ወይ? ወንዞቻችንና ሐይቆቻችንስ? ሕይወት ራሷስ?

ስለዚህ ኦክቶበር 18 ቀን 1972 ነገሩ አለቀ። ሕግ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸውን መሣሪያ አውጥተው ተዋግተው ተሸነፉ። ቢያንስ ሰው ሁሉ እንደዚያ መስሎት ነበር።

ከኒክሰን በኩል ያለውን ክርክር ሳልፈው ደስ አይለኝም፤ ባዶ ክርክር አልነበረምና። እሳቸውም ራሳቸው የውሃ ማጽጃ ገንዘብ ጠይቀው ነበር፤ ለሦስት ዓመት 6 ቢሊዮን ብቻ። ኮንግረስ በዚያን ጊዜ አጠቃላይ በጀቱን በአንድ ላይ የሚያይ ኮሚቴ አልነበረውም። አንዱ ኮሚቴ ለመንገድ ይፈቅዳል፣ ሌላው ለቤት፣ ሌላው ለውሃ። ድምሩ ስንት እንደደረሰ የሚጠይቅ አልነበረም። ኒክሰን ወጪው ከ250 ቢሊዮን ዶላር እንዳያልፍ ጣሪያ ይበጅልኝ ብለው ቢጠይቁም ኮንግረስ አልሰጣቸውም። የዋጋ ንረቱም እውነት ነበር። ይህን ሁሉ ብቀበልም፣ የክርክሩ ቦታ ምክር ቤቱ ነበር። እዚያ ተከራከሩ፤ እዚያ ተረቱ።

አንድ ብር ወደ ከተማ እንዴት ይደርሳል?

እገዳው የት ላይ እንደተጣለ ለማየት የገንዘቡን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

መጀመሪያ ድልድል አለ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የተፈቀደውን ገንዘብ በሕጉ ቀመር መሠረት ለየክፍለ ግዛቱ ያካፍላል። ይህ ገና ወረቀት ላይ ነው፤ ሳንቲም አልወጣም። ቀጥሎ ግዴታ መግባት ይመጣል። ከተማዋ የማጣሪያዋን ንድፍ ይዛ ትመጣለች፤ ክፍለ ግዛቱ ወረፋ ያስይዛታል፤ ኤጀንሲው መርምሮ ያጸድቃል። ያኔ የፌዴራል መንግሥቱ የወጪው 75 በመቶ ዕዳዬ ነው ብሎ ይፈርማል። በመጨረሻ ክፍያው አለ። ግንባታው በሄደ ቁጥር ደረሰኙ እየቀረበ ይከፈላል። ይህ ዓመታት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1973 የተደለደለ 5 ቢሊዮን በ1973 አይወጣም። ምናልባት በ1976፣ በ1978 ይወጣል። ታዲያ ድልድሉን መቁረጥ ለዚያ ዓመት በጀት ብዙም አይጠቅምም። ከተማዋን ግን ክፉኛ ይጎዳታል። ድርሻዋን ያላወቀች ከተማ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ውል አትገባም። ለራሷ 25 በመቶ ቦንድ ሸጣ መበደር ያስቸግራታል። መሐንዲሱ ንድፉን አጠናቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እዚያው ይቀመጣል።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህን አስበውበታል። ለዚህ ነው ኤጀንሲው የየዓመቱን የበጀት ምደባ ሳይጠብቅ አስቀድሞ ውል የመግባት ሥልጣን የሰጡት። የሕጉ ዋና ሐሳብ ለከተሞች «ገንዘቡ አለ፤ ጀምሩ» ማለት ነበር። የኒክሰን ደብዳቤ ያገደው ልክ ይህንን ቃል ነው፤ መንገዱ የሚጀምርበትን ቦታ፣ ድልድሉን።

የጠፋችው ቃል

ኒክሰን ይህን ያደረጉት እንዲሁ በድፍረት ብቻ አልነበረም። የያዙት አንድ ነገር ነበር። ሕጉን ሲመልሱት በጻፉት መልእክት ላይ አስቀድመው ጠቁመውታል፤ ሕጉ ራሱ ለፕሬዚዳንቱ የተወሰነ ነፃነት ይሰጣል፣ እጠቀምበታለሁ ብለዋል።

የሚሉት ነገር ሁለት ትንንሽ ለውጦች ነበሩ። የሁለቱ ምክር ቤቶች አስታራቂ ኮሚቴ ረቂቁን ሲያስማማ፣ ምናልባት ፕሬዚዳንቱ ይፈርሙ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ ሁለት ቦታ እጁን አስገብቷል። የመጀመሪያው አንቀጽ «የተፈቀደው ገንዘብ ሁሉ ይደልደል» ይል ነበር። «ሁሉ» የምትለዋን አወጧት። «የተፈቀደው ገንዘብ ይደልደል» ሆነ። ሁለተኛው አንቀጽ 5፣ 6፣ 7 ቢሊዮን ይላል። ከፊቱ «የማይበልጥ» የሚል ጨመሩበት። ማሻሻያውን ያመጡት የኦሃዮው ተወካይ ዊሊያም ሃርሻና ጓደኞቻቸው ናቸው። ኦሃዮ እንግዲህ ያ የነደደው ወንዝ ያለበት ክፍለ ግዛት ነው። መስኪም በሴኔት ቆመው ማሻሻያው አስተዳደሩ ግዴታ ሲገባ ትንሽ መተንፈሻ እንዲኖረው የታሰበ መሆኑን ተናግረዋል። ድልድሉ ግን መደረግ እንዳለበት በዚያው ንግግር አስረግጠዋል።

የመንግሥት ጠበቆች ከዚህ ተነሡ። «ሁሉ» ተሰርዟል። ስለዚህ ሁሉን መደልደል ግዴታ አይደለም። «የማይበልጥ» ተጨምሯል። ስለዚህ ማነስ ይቻላል። ታዲያ ፕሬዚዳንቱ ምን አጠፉ?

መጀመሪያ ሳነበው፣ እውነቴን ነው፣ ክርክሩ አሳምኖኝ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ቋንቋ መለስኩት። እናት ለልጇ 500 ብር ሰጥታ «ይህን ብር ለአክስትሽ አድርሺላት» አለቻት እንበል። ልጅቷ 200ውን ሰጥታ ተመለሰች። ሦስት መቶውስ ስትባል «ሁሉንም አድርሺ አላልሽኝም» አለች። የትኛዋ እናት ናት ይህን የምትቀበል? «ይህን ብር» ማለት ይህን ብር ማለት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ «ከ500 ብር ሳታስበልጪ ለዶሮው የሚያስፈልገውን ገዝተሽ ነይ» ትላታለች። ሽንኩርቱ ረክሶ 420 ብር ከበቃ 80ውን ትመልሳለች። ያ ትክክል ነው። ግን በ200 ብር ግማሽ ሽንኩርት ይዛ፣ ቅቤውን ትታ መጥታ «አታስበልጪ ብለሽኛል» ብትል በዓሉ ተበላሸ ማለት ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ የደረሰበት ቦታም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ክሱ

ኒክሰን ደብዳቤውን ሲጽፉ ጊዜው ተመቻችቶላቸው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ኖቬምበር 7፣ ከ50 ክፍለ ግዛቶች 49ኙን አሸንፈው ተመርጠዋል። ያገዱትም የውሃውን ብቻ አይደለም፤ የመንገድ፣ የቤትና የገበሬ ፕሮግራሞችም ተይዘዋል። ጃንዋሪ 31 ቀን 1973 በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሲጠየቁ፣ ወጪው ዋጋን ወይም ግብርን የሚያስጨምር ከሆነ ገንዘቡን ያለማውጣት ሕገ መንግሥታዊ መብታቸው ፍጹም ግልጽ እንደሆነ ተናገሩ።

ፍጹም ግልጽ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን በ1803 ለ15 የጦር ጀልባዎች የተፈቀደውን 50 ሺህ ዶላር ሳያወጡ ቆይተዋል፤ በሚሲሲፒ ወንዝ በኩል የነበረው ስጋት በሰላም ስለረገበ ጀልባዎቹ ያን ጊዜ አላስፈለጉም። ይህ ቁጠባ ነው፤ ማንም አልተቃወመውም። በ1838 ግን የፖስታ ሚኒስትሩ ኬንዳል ኮንግረስ ክፈል ያለውን ገንዘብ አልከፍልም ሲሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፈል ብሏቸዋል። ሕግን የማስፈጸም አደራ ሕግን የመከልከል ሥልጣን ሊሆን እንደማይችልም በዚያው ፍርድ ላይ ጽፏል። ከሁሉም የሚገርመኝ የራሳቸው የኒክሰን ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። በዲሴምበር 1969 ስለ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ፕሬዚዳንቱ የተፈቀደ ገንዘብን በሕገ መንግሥቱ ስም አላወጣም የማለት ሰፊ ሥልጣን እንዳለው የሚደግፍ አመክንዮም ቀደምት ልማድም የለም ብሎ ምክር ሰጥቷል። ያንን የጻፉት ዊሊያም ሬንኲስት ናቸው። የውሃው ገንዘብ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከዘጠኙ ዳኞች አንዱ ሆነው ተቀምጠው ነበር።

ክሱን ያቀረበችው ኒውዮርክ ከተማ ናት፤ ለራሷና በክፍለ ግዛቱ ላሉ መሰል ከተሞች። ዲትሮይትም ገባችበት። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ በኮንስቲቲዩሽን ጎዳና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ሕንፃውን በየቀኑ ያልፉታል። ዳኛ ኦሊቨር ጋሽ በ1973 ለከተማዋ ፈረዱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 1974 አጸናው። መንግሥት እንደገና ይግባኝ አለ።

በዚህ መሐል ዋሽንግተን ተገለባብጣለች። የመጀመሪያው ተከሳሽ ራክልስሃውስ ከኤጀንሲው ወጥተው ምክትል ዐቃቤ ሕግ ሆነው ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 1973፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኒክሰን በራሳቸው ላይ የተነሣውን የዋተርጌት ቅሌት የሚመረምረውን ሰው እንዲያባርሩ ሲያዟቸው እምቢ ብለው ሥራቸውን አጡ። ትእዛዙን የፈጸሙት መንግሥትን ወክሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚከራከረው ቢሮ ኃላፊ ሮበርት ቦርክ ናቸው። የፍሳሽ ገንዘቡን እገዳ የተከላከለውም ይኸው የቦርክ ቢሮ ነው። ዋና ጉዳዩ አይደለም፤ ግን ስለነዚያ ዓመታት የሚናገረው ነገር አለ። በራክልስሃውስ ቦታ ራስል ትሬን የኤጀንሲው ኃላፊ ስለሆኑ ጉዳዩ ዛሬ የሚታወቀው «ትሬን እና ኒውዮርክ ከተማ» በሚል ነው። ኒክሰን ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀቁ። የፎርድ አስተዳደር ግን ክርክሩን ቀጠለበት።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1975 ፍርዱ ወጣ። ከተማዋ አሸነፈች። አንድም ዳኛ በውጤቱ አልተለየም። የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት ናቸው።

ፍርዱ ረጅም አይደለም። ዋይት ቃሉን በቃል ነው የያዙት። «ገንዘብ ይደልደል» እና «ገንዘብ ሁሉ ይደልደል» በዚህ አንቀጽ ውስጥ የተለየ ትርጉም የላቸውም አሉ። «የማይበልጥ» የሚለውስ? እሱ የሚሠራበት ቦታ አለው። ብቁ የሆኑ የግንባታ ጥያቄዎች ከተፈቀደው ገንዘብ ያነሱ እንደሆነ ገንዘቡን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፤ የሽንኩርቱ መልስ መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ትልቁ ነገር አለፉ። ኮንግረስ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋው ውሃውን በቁርጠኝነት ለማጽዳት ነው። በመጨረሻዋ ደቂቃ ለአስፈጻሚው ገደብ የለሽ የመከልከል ሥልጣን ሰጥቶ የራሱን ጥረት አሰጠመው ብለን ማመን አንችልም አሉ።

ፍርዱ ያልተናገረው

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ፕሬዚዳንት በጀት ማገድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል» ሲባል እሰማለሁ። አላለም። የቀረበለት ጥያቄ ጠባብ ነበር። ይህ ሕግ፣ የ1972ቱ የውሃ ሕግ፣ ኃላፊው ከተፈቀደው አሳንሶ እንዲደለድል ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም? አይፈቅድም። በዚያው ቆመ። ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ የራሱ የማገድ ሥልጣን አለው ወይ የሚለውን አልነካውም። መንግሥትም በዚያ ላይ አልተከራከረም፤ ኒክሰን በአደባባይ «ፍጹም ግልጽ» ያሉትን መብት የመንግሥት ጠበቆች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቆሙ ይዘውት አልቀረቡም።

ይህ ለእኔ ደካማ ፍርድ አያደርገውም። ዳኛ ሕጉን አንብቦ መፍታት ከቻለ ሕገ መንግሥቱን ማንሣት የለበትም። ግን በሩ ገርበብ ብሎ መቅረቱን መካድ አይቻልም።

ሌላም ያልተባለ ነገር አለ፤ ጊዜው። ከደብዳቤው እስከ ፍርዱ 27 ወር ገደማ አለፈ። እገዳው በ1975 የበጀት ዓመትም ስለቀጠለ፣ በድምሩ ከ18ቱ ቢሊዮን 9ኙ ተይዞ ነበር። በመሐሉ፣ በ1974፣ የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከ10 በመቶ አልፏል። ሲሚንቶው ተወደደ፤ ብረቱ ተወደደ፤ ነዳጁ ተወደደ። ፍርዱ ቁጥሩን እንዳለ መለሰ። ቁጥሩ የሚገዛው ግን በ1972 ከሚገዛው አነሰ። የዋጋ ንረትን ለመከላከል ተብሎ የታገደ ገንዘብ በዋጋ ንረት ተበልቶ ተመለሰ። ከተሞቹ በሦስቱም ፍርድ ቤት አሸንፈው እንኳ ከሰሩ። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ኮንግረስ የወሰደው እርምጃና የዛሬው ጉዳይ

ኮንግረስ ፍርድ ቤቱን አልጠበቀም። ሴናተር ሳም ኤርቪን ከ1971 ጀምሮ ስለ በጀት እገዳ ምስክር ሲሰሙ ቆይተዋል። ውጤቱ የ1974ቱ የበጀትና የእገዳ ቁጥጥር ሕግ ነው። በሴኔት 75 ለ0፣ በተወካዮች ምክር ቤት 401 ለ6። ኒክሰን ጁላይ 12 ቀን 1974 ፈረሙት፤ ሥልጣን ሊለቁ አንድ ወር እንኳ አልቀራቸውም። ሕጉ ኮንግረስ የራሱን ጉድለት እንዲያርም አደረገ፤ በሁለቱም ምክር ቤት ድምሩን የሚያይ የበጀት ኮሚቴ ተቋቋመ። ለፕሬዚዳንቱም መንገድ ከፈተ። አንድ ወጪ ይቅር ካሉ ለኮንግረስ በጽሑፍ ይጠይቃሉ። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ በሚሆንባቸው 45 ቀናት ውስጥ ይሰረዝ ካላለ ገንዘቡ መለቀቅ አለበት። ይህን የሚከታተለው በዋና ኦዲተር የሚመራው የኮንግረስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ካስፈለገም ይከሳል።

ይህ መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 2020 የትራምፕ የበጀት ቢሮ ለዩክሬን ከተፈቀደው ወታደራዊ እርዳታ 214 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በመያዝ ሕጉን ጥሷል ብሎ ወሰነ። በ2025 ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጃንዋሪ 20 የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ቆመ። ይህን የእኛ ሰው ከዜና ብቻ አይደለም የሰማው። አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትልቋ የሰብዓዊ እርዳታ ሰጪ ነበረች፤ የኤችአይቪ ሕክምናውም በብዛት በእሷ ገንዘብ የሚሄድ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ መስመር ሲታገድ እዚህ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ሥራዋን ታጣለች።

በኦገስት 2025 መጨረሻ የመጣው ግን የ1974ቱን ሕግ ራሱን የሚነካ ነው። አስተዳደሩ 4.9 ቢሊዮን ዶላር የውጭ እርዳታ ይሰረዝ ብሎ ኮንግረስን ጠየቀ። የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ያልቃል። ከጥያቄው እስከዚያ 45 ቀን የለም። ኮንግረስ ዝም ቢል እንኳ ቀኑ ሳይሞላ የገንዘቡ ዕድሜ ያበቃል። «የኪስ ስረዛ» ይሉታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሴፕቴምበር 26 በአስቸኳይ ትእዛዝ ከዚህ ውስጥ 4 ቢሊዮን ገደማው እንደተያዘ እንዲቆይ ፈቀደ። የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ከጥያቄዎቹ አንዱ የእርዳታ ድርጅቶቹ በ1974ቱ ሕግ መክሰስ ይችላሉ ወይ የሚለው ነበር።

ከኒውዮርክ ጉዳይ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ኒውዮርክ በሕጉ ቀመር የተቀመጠላት ድርሻ ነበራት፤ «የኔን ስጡኝ» ብላ መቆም ችላለች። የውጭ እርዳታ ድርጅት እንዲህ ያለ ድርሻ በሕግ አልተጻፈለትም። ኒውዮርክ 27 ወር ጠብቃ፣ ቀንሶም ቢሆን፣ ገንዘቧን አግኝታለች። የ2025ቱ ገንዘብ ግን የሚያበቃበት ቀን ነበረው። ኒክሰን መዘግየትን ያገኙት እንደ ጎን ጥቅም ነው። አሁን መዘግየቱ ራሱ ስልት ሆኗል። በእኔ እምነት የ1974ቱ ሕግ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ ለመድፈንም ከባድ አይደለም። የስረዛ ጥያቄ ሲቀርብ የገንዘቡ ማብቂያ ቀን በዚያው ልክ ይራዘም ቢባል በቂ ነው። የሚያስፈልገው ፈቃደኛ ኮንግረስ ነው።

ሃርለም የሄደ ሰው ሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ከ137ኛ እስከ 145ኛ መንገድ የተዘረጋ ትልቅ የኮንክሪት ሕንፃ ያያል። ኖርዝ ሪቨር የሚባለው ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ግንባታው የተጀመረው ያ ሕግ በወጣበት በ1972 ነው። ፍሳሽ መቀበል የጀመረው በ1986፤ ሙሉውን ማጣራት የጀመረው በ1991። እስከ 1986 ድረስ የምዕራብ ማንሃተን ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር። የሰፈሩ ሰው በጣቢያው ሽታ ብዙ ተማሯል፤ አቤቱታውም ዓመታት ፈጅቷል። ዛሬ ጣሪያው ላይ 28 ኤከር ፓርክ አለ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ይዋኛሉ። ከእግራቸው ሥር፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ 125 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ቆሻሻ ውሃ እየተጣራ ወደ ሃድሰን ይገባል።